በሬው ቀድሞን ገባ

ተመረጠልኝ! የአማርኛ መምህራችን ትናንት ክፍል ገብተው፣ ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ከገቡት ጽሑፎች ከዚህ ክፍል አንድ ብቻ አልፏል» ሲሉ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የጓደኛዬን ጸጉር እየሠራሁ ነበር። «ባለቤቷም አሁን ሹሩባ እየሠራች ነው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጸጉሯን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ጓደኛዬ «ልቀቂኝ፣ ነቀልሽኝ እኮ!» እያለች ትጮሃለች።

ከክፍል ስንወጣ መምህሩ ጠሩኝና «ገጽ አለን፣ አንድ ሌላ ጨምሪ። ረዘም ይበል፣ ከራስሽ ኑሮ ይሁን» አሉኝ። ምን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው «ቤታችሁ ውስጥ እየደጋገማችሁ የምትስቁበት ነገር የለም?» አሉ። አለ እንጂ! የአምናው ፋሲካ አለ። ሰፈሩ በሙሉ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። እኔም እስቃለሁ፤ ብቻዬን ሳስበው ግን ሳቁ መሀል ላይ ይቆምብኛል። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መኪናዋ የእሱ ሳትሆን የአሠሪው ናት፤ አሮጌ ናት፣ ግን እሱ «አንቺ» እያለ ነው የሚያናግራት። ቤታችን አቃቂ ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ። አባዬ የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ስለሆነ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የፋሲካን ጾም ከእኛ ጋር የፈታበት ሌሊት አልነበረም። ሁልጊዜ ይደውላል። «ሚሌ ነኝ» ይላል፤ ወይም «አዋሽ ነኝ»። እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ መሶቡ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። እኛ ለስልኩ «እንብላ!» እንላለን። ስልኩ «ብሉ፣ ብሉ፣ ይባረክላችሁ» ይለናል። ትንሹ ወንድሜ አንድ ጊዜ ስልኩን ሊያጎርሰው ሞክሮ ወጥ ነክቶት ተበላሽቷል።

አምና ግን አባዬ ቃል ገባ። የቅዳሜው ሥራ አጭር ነበር፦ ከአቃቂ ቆርቆሮ ጭኖ አዳማ ማራገፍ፣ ከዚያ ባዶውን መመለስ። ባዶውን እንደሚመለስ ሲሰማ የሰፈሩ ቅርጫ በሬውን የማምጣቱን ሥራ ለእሱ ሰጠ። የቅርጫው ዳኛ በሬውን ሞጆ አካባቢ ከሚያውቁት ገበሬ ገዝተው እዚያው አሳስረውት ነበር። አባዬ ሲመለስ ይጭነዋል፣ ሌሊት ይገባል፣ ከእኛ ጋር ይፈታል፣ ጠዋት በሬው ይታረዳል፣ ጎረቤቱ መደቡን በዕጣ ይካፈላል። እንዲህ ነበር ሐሳቡ።

እማዬ አላመነችም። «ባዶ መኪና የያዘ ሾፌርና ባዶ ሆድ ያለው ድመት አንድ ናቸው። የተጣለላቸውን ሁሉ ያነሳሉ» አለች። መንገድ ላይ ጭነት ቢያገኝ እንቢ አይልም ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይቺን ይዘህ ሂድ። ልጅ ይዘህ ሚሌ አትወርድም» አለችው። ረዳቱ ለበዓል አገሩ ስለገባ ወንበሩ ክፍት ነበር። እኔ እንግዲህ የሄድኩት እንደ መያዣ ነው። እንደ መያዣነቴም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ከፍ ብሎ መቀመጥ ዓለምን ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ እንደማየት ነው።

ሥራው ሁሉ ደህና ሄደ፣ በሬው ጋ እስክንደርስ። በሬው መኪናዋ ላይ አልወጣም አለ። ገበሬው ለመነው፣ አባዬ ሰደበው፣ እኔ ሣር አሳየሁት። ሲወጣ ሌሊቱ ተጋምሷል። ነጭ ነበር፣ አንድ ጆሮው ጥቁር። ዓይኑን አይቼ ልናገር ስል አባዬ ቀደመኝ፦

«ስም እንዳታወጪለት!»

«ለምን?»

«ስም ካወጣሽለት ነገ አትበይውማ።»

ፍጥነት መንገዱን ይዘን ትንሽ እንደሄድን መሪው ፊት ለፊት ቀይ መብራት በራች፤ የባትሪ ሥዕል ያለባት። አባዬ በጣቱ መታ መታ አደረጋት። አልጠፋችም። ሬዲዮኑን ዘጋ። ስልኬን ከቻርጀሩ ነቀለው።

«እንዴ! ሠላሳ ላይ እኮ ነው ያለው!»

«ዲናሞው መሙላት አቁሟል» አለኝ። «መኪናዋ ስትሄድ ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው። እሱ ከተኛ መብራታችን የሚበላው የባትሪውን ስንቅ ነው። ስንቁ እስከ አቃቂ ከበቃን ጥሩ።»

«ካልበቃንስ?»

«ይበቃናል። ብቻ ሞተሩን አለማጥፋት ነው።»

ይህን ራሱ ነው ያለኝ። በራሱ አፍ። «አለማጥፋት ነው» አለ።

የፊት መብራታችን ቀስ በቀስ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ኩራዝ ደከመ። ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያውን ስናልፍ ግን በቀኝ በኩል ኮንዶሚኒየሞቹ በሙሉ መስኮታቸው በርቶ ታየኝ። ማንም አልተኛም፤ ሁሉም ቤት ወጥ እየሠራ ዶሮ እስኪጮህ ይጠብቃል። በቃ ገባን ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። በዚህ መሀል ከኋላ «ዷ!» የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። በሬው ወድቋል።

አባዬ ዳር ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ቁልፉን አዞረና አጠፋ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አባዬ ልጅ የተቀመጠበትን መኪና ሞተሩ እየሠራ ለቆ ወርዶ አያውቅም። እኔን ሱቅ ጋ ሲያቆም እንኳ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ያጠፋል። ያጠፋው እጁ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ጸጥታው ሲመጣ ነው የገባው። እጁን ቁልፉ ላይ እንዳለ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ኧረ በእመቤቴ!» አለ።

መልሶ አዞረው። ጠቅ። እንደገና። ጠቅ። ሦስተኛውን ሲሞክር ጠቅ እንኳ አላለችም።

ወርደን አየን። በሬው ተነስቶ ቆሟል፣ ያመሰኳል።

ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆረጥን፣ ድንጋይ ሰበሰብን፣ ከመኪናዋ ኋላ እየራቅን አስፋልቱ ላይ ደረደርን። በሌላ ቀን ቢሆን ያንን ቅጠል ያየ ሾፌር ሁሉ ይቆማል፤ ገመድ አውጥቶ ከራሱ ባትሪ ያስነሳል፣ «አይዞህ» ብሎ ይሄዳል። አባዬም ለስንቱ ቆሟል። በፋሲካ ዋዜማ ግን መንገዱ ጭር ይላል። «ዛሬ ሾፌር ሁሉ ቤቱ ነው» አለ አባዬ፣ «ከእኔ በቀር።» የሚያውቀው ኤሌክትሪሺያን ስልኩን አላነሳም። ጥለናት እንዳንሄድ ደግሞ የሰው መኪና ናት፤ ሜዳ ላይ ጥሏት ያደረ ሾፌር ጠዋት ጎማ አያገኝባትም።

እማዬ ጋ ደወለ። እኔም እንድሰማ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።

«የት ደረስክ?»

«ቱሉ ዲምቱ።»

«እልልል! ታዲያ ምን ትሠራለህ? ና እንጂ!»

«ቆመናል። ባትሪ።»

ድስቱን ከእሳት ስታወርድ ተሰማኝ። ከዚያ «ቱሉ ዲምቱ ላይ?» አለች። «ሰው እንዴት በራፉ ላይ ይቆማል? ሚሌ ብትቆም ይሻልህ ነበር፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ» አለችና ዘጋች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ለካ የዘጋችው የቅርጫውን ሰዎች ልትጠራ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ባጃጆች ተከታትለው መጡ። ከውስጣቸው የወጣው ሰው መጠን ባጃጅ ያለውን ሕግ ሁሉ የጣሰ ነው። የበዓል ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ገና እግራቸው መሬት ሳይነካ «በሬው ደህና ነው?» ማለት ጀመሩ።

የጉሊት ነጋዴዋ እትዬም አብራቸው መጥታለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በቅርጫው የራሷን መደብ በራሷ የምትወስድ ሴት ናት። «እናንተ ሰዎች አታፍሩም?» አለቻቸው። «መጀመሪያ ሰውዬውን ጠይቁ እንጂ! ደህና ነህ ወንድሜ? ልጅቷስ? እሰይ፣ እሰይ።» ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «በሬው ግን አልተሰበረም አይደል?» አለች።

ነገሩ ቀላል ነበር። አሮጌ መኪና ስለሆነች ገፍተው ቢያንደረድሯት ትነሳለች። ጎረቤታችን ባለባጃጁ እጅጌውን ሰበሰበና «ከነበሬው እንግፋት» አለ። ሌላው «አንተ ባጃጅህን ገፍተህ አስነሳና እናያለን» አለው። በሬው ይውረድ ተባለ። ለግንባታ የተደፋ የአፈር ክምር አጠገብ ስለነበርን፣ መኪናዋን ትንሽ ወደ ኋላ ገፍተው ከክምሩ ጋር አገጣጠሟት። አባዬ የኋላውን መዝጊያ ከፈተ። በሬው አፈሩን አሸተተ። ሲወጣ ያን ያህል ያስለመነን በሬ እንደ ጨዋ ልጅ ዝቅ ብሎ ወረደ።

ከዚያ ሮጠ።

ገመዱን የያዘው ሰውዬ አፈሩ ላይ በሆዱ ተጎተተ። «ያዘው!» «በዚያ ዙር!» «ቂሊንጦ ሊገባ ነው!» ሁሉም ተከትለውት ሮጡ። ነጠላና ጋቢ በጨለማ ውስጥ እየተውለበለበ ራቀ። ባጃጆቹም መብራታቸውን አብርተው ተከተሉ። እትዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ አየኋት። እኔና አባዬ ብቻ ቀረን፣ የመኪናዋ ኋላ ክፍት ሆኖ። እኔ በሳቅ ሆዴን ይዣለሁ። አባዬም ይስቃል። ይመለሳሉ ብለን ነዋ።

ስልኩ ጮኸ። ባለባጃጁ ነው፤ እያለከለከ፦ «ያዝነው! አቃቂ መንገድ ላይ ነን። እየነዳነው ነው፣ አሁንስ ልቡ ወደ ቤት ሆኗል። እንኳን አደረሳችሁ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ አባዬ። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«እኛስ?» አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። «እነሱ የመጡት ለበሬው ነው። በሬያቸውን አገኙ።»

ሳቄ የቆመው እዚህ ጋ ነው።

ጋቢና ገብተን ቁጭ አልን። ከኮንዶሚኒየሙ በኩል የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ዶሮ። ጾም ተፈታ። መስኮቶቹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥላ ይታየኛል። አባዬ «ባጃጅ ልጥራልሽና አንቺ ግቢ። እናትሽ ጋ ብዪ» አለኝ።

«እማዬ የላከችኝ እንደ መያዣ ነው» አልኩት። «መያዣ ብቻውን አይመለስም።»

ሳቀ። ከዚያ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። እኔ ተኝቷል ብዬ ነበር።

«በስልክ ‹እንብላ› ስትሉኝ» አለ በጨለማው ውስጥ፣ «ሁሉም ነገር ይሰማኛል። የሳህኑ ድምፅ። ወንድምሽ እንቁላሉን ሲሻማ። እናትሽ ‹ቀስ በል› ስትለው። እኔ ብሉ ብዬ እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው አልነዳም። ትንሽ እቆማለሁ።»

«ለምን?»

«እንጃ። ድምፁ ከጆሮዬ እስኪወጣ።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት፣ ስልኩ ሲዘጋ አባዬ ማርሽ አስገብቶ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። መንገድ የሚወድ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለጓደኞቼም እንዲያ ነበር የምነግራቸው።  አሁን ቢሆን የምለውን አውቃለሁ። ያኔ ግን ጋቢውን በሁለታችን ላይ ጣል አደረግኩት።

ከዚህ በኋላ አቃቂ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ባለባጃጁ በኋላ በእጁ፣ በእግሩ፣ በቅንድቡ ጭምር እየተወነ ነው የነገረኝ።

በሬውን ይዘው ሲገቡ ሊነጋ ነው። እንጨቱ ላይ አሰሩት። ቢላ ተሳለ፣ ቅጠል ተነጠፈ። የቅርጫው ዳኛ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸው የአቃቂ ፋብሪካ ሳይተከል በፊት እዚያው መሬት ላይ ያርሱ ነበር ይባላል። በሬውን ዞረው አዩ፣ ወደዱት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቢላ ከመነሳቱ በፊት ቤት ቤቱን ጠሩ።

«የባጃጁ ቤት?»

«አለን።»

«የጉሊቷ ቤት?»

«አለሁ አባባ።»

«የሾፌሩ ቤት?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንዱ «ይመጣል፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ቅርብ ነው» አለ።

«መጥቷል ወይስ ይመጣል?»

«መኪናዋ እንቢ ብላው ነው እንጂ…»

«እናንተ ለምን ነበር የሄዳችሁት?»

እትዬ ያኔ ነው አሉ በነጠላዋ አፏን ይዛ «ወይኔ ጉዴ!» ያለችው።

አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ደግሞ «ሚስቱ አለች አይደል፣ ትወክለው» አለ። እማዬ እዚያው ቆማ ነበር፣ እጇን አጣምራ። «አልወክልም» አለች።  አንድ ቃል ብቻ፣ «አልወክልም»።

ዳኛው ቢላውን ተቀብለው በጨርቁ ጠቀለሉት። «በሬ ያመጣልኝ ሰው ሜዳ ላይ አድሮ እኔ ቢላ አላነሳም። ዕጣም ባለቤቱ በሌለበት አይጣልም። በሉ ተነሱ» አሉ።

እኔ የነቃሁት በባጃጅ ድምፅ ነው። ሰማዩ ነጥቷል። የሌሊቱ ሰዎች በሙሉ መጥተዋል፣ ሌሎችም ተጨምረው።  አባዬን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ዳኛው ከባጃጁ በሰው ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። አባዬ ሮጦ ሄዶ «እርስዎ ደግሞ ለምን ለፉ አባባ! እንኳን አደረስዎ» አላቸው።

«ገና አልደረስኩም» አሉት። «አንተ ስትደርስ እደርሳለሁ። ውጣ፣ መሪህን ያዝ።»

አባዬ ወጣ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። እኔም ከኋላ ተደረደርኩ፣ በእትዬና በባለባጃጁ መሀል። ዳኛው በአንድ መዳፋቸው ጎኗን ደገፍ አድርገዋታል። ባለባጃጁ «አባባ፣ ይግፉ እንጂ!» ሲላቸው «እኔ ምርቃት ነው የምገፋው፣ አንተ ጉልበትህን ግፋ» አሉት። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። «አሁን!» አባዬ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ዘጭ ብላ ቆመች፣ ግንባሬን ብረት መታኝ። ሁለተኛውን ትንሽ ሳለች። በሦስተኛው እትዬ «በስመ አብ!» ብላ ስትጮህ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ፊታችን ላይ ተፍታ ተነሳች!

እልልታው! አባዬ ግን ሳይቆም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ድንጋዩን! ድንጋዩን አንሱ!» ይላል። ቅጠልና ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትቶ መሄድ ለሚመጣው መኪና ወጥመድ መተው ነው። እኔና እትዬ ወደ ኋላ ሮጥን፣ ድንጋዩን እየወረወርን፣ ቅጠሉን እየጎተትን ዳር አወጣን። ከዚያ ደግሞ መኪናዋን ለመያዝ ሮጥኩ። በቀስታ እየሄደች ነው፤ በሩን አባዬ ከፍቶልኛል። ዘልዬ ስገባ ዞር ብዬ አየኋቸው። ነጭ ልብሳቸው በሙሉ ጥቁር የእጅ አሻራ ሆኗል፤ አንዱ የአንዱን እያየ ይስቃል።

አቃቂ ስንደርስ አባዬ መኪናዋን ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ አቆማት፣ ሲነሳ እንድትንደረደርለት። ሞተሩን ሊያጠፋ ቁልፉን ይዞ ትንሽ ቆየ። እኔን አየኝ። «ላጥፋት?» አለኝ። «አጥፋት» አልኩት።

እማዬ በራፍ ላይ ነበረች። ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ የት እንደጣለችው አላውቅም። «እጅህን ታጠብ» ብቻ አለችው። ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳይበላ እኛን ጠብቆ፣ ጾማችንን በጠራራ ፀሐይ ፈታን። ወንድሜ እንቁላሉን ለአባዬ ሰጠው፤ ከዚያ ተጸጽቶ ግማሹን መልሶ ወሰደ። አባዬ ቀስ ብሎ ነበር የሚያኝከው። እማዬ ውሃ አቀረበችለት። ማንም አልደወለልንም፣ እኛም ለማንም አልደወልንም።

ከሰዓት መደቡ ሲደረደር ዕጣውን እንዳወጣ ዳኛው እኔን ጠሩኝ። አንድ ቤት ሌላ ክፍለ ከተማ ስለተዛወረ አንድ ዕጣ ባለቤት አልነበረውም። ዳኛው ድርሻውን ለተቸገረ ቤት ላኩና «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ደስ ሲላቸው በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ። «ሰው ጎድሎናል። ለምታውቂው ሁሉ ንገሪ። ሥጋ የሚወድ ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው ሲጠሩት የሚመጣ ነው።»

ቦታው እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ እኔም ይኸው እየነገርኳችሁ ነው። አቃቂና አካባቢው የምትኖሩ፣ ለመጪው በዓል ቅርጫ ያልገባችሁ፣ አዲስ መጥታችሁ ሰው ያልለመዳችሁም ብትሆኑ፣ ኑ። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ገብታችሁ የቅርጫውን ዳኛ ቤት ብትሉ ያገኛችሁት ሁሉ ያሳያችኋል። ስማችሁን ከመጠየቃቸው በፊት ምናልባት «መኪና መግፋት ትችላለህ?» ይሏችሁ ይሆናል። እችላለሁ በሉ።